«ይመስለኛል» የምትለዋ ቃል የት ገባች?

አባቴ ካሴት ላይ መጻፍ የሚወድ ሰው አልነበረም። እናቴ ቁም ሣጥን ላይ በፌስታል ተጠቅልለው ከተገኙት 14 ካሴቶች ውስጥ የዘፋኝ ስም የተጻፈባቸው አራቱ ብቻ ናቸው። የቀሩት ላይ ወይ «የተለያዩ» ይላል፣ ወይ «አዲስ» ይላል (መቼ አዲስ እንደነበረ እግዜር ይወቀው)፣ ወይ ጭራሽ ባዶ ነው። አንዷ ላይ ግን በቀይ እስክሪብቶ «እንዳይነካ» ተብሎ ተጽፏል። እንዳይነካ የተባለ ነገር ሳይ ደግሞ እጄ አያርፍም።

ችግሩ ቤታችን ውስጥ ካሴት የሚያጫውት ዕቃ የለም። ምናለሽ ተራ ሄጄ ግማሽ ቀን ስዞር ዋልኩና አንድ አሮጌ ቴፕ ገዛሁ። ሻጩ «ኦርጅናል ነው፤ ሞተሩን ራሴ ነኝ ያስተካከልኩት» አለኝ። ያኔ ጥሩ ዜና መስሎኝ ነበር። ቤት ወስጄ ከጆሮ ማዳመጫው ቀዳዳ ወደ ላፕቶፔ በገመድ አገናኘሁት፤ ሄዱን በጥጥና በአልኮል ጠረግኩ (ዩቲዩብ አይቼ ነው)፤ የላላውን ክር በቢክ እስክሪብቶ አጥብቄ ከፈትኩት።

ሳይድ ቢ ላይ ሦስተኛው ዘፈን ሲመጣ ቁጭ አልኩ። ኦርጋን አለ፣ አንድ ጊታር፣ ራቅ ብሎ የሚሰማ ድራም፣ ከኋላ ሴቶች ተቀባዮች፣ ከፊት ደግሞ ቀጠን ያለ የወንድ ድምፅ። በሕይወቴ ሰምቼው አላውቅም። እናቴን ጠራኋት። «አባትህ ሲከፍተው እሰማ ነበር፤ ማን እንደሆነ ግን ጠይቄው አላውቅም» አለች። አባቴ ካረፈ ስድስት ዓመቱ ነው። ሻዛም ላይ አስጠጋሁት። ሻዛም ፈለገ፣ ፈለገና እንዳላገኘ ነገረኝ። በዚህ ታሪክ ውስጥ ያላወቀውን አላውቅም ያለ የመጀመሪያው ይሄ አፕ ነበር። እኔ እሱን ያህል እንኳ አልሆንኩም።

አንድ ጓደኛዬ የድሮ ካሴትና ሸክላ የሚሰሙ ሰዎች ያሉበት የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ አስገባኝ። ስሙን አልጽፈውም፤ አባላቱ ግር ብሎ የሚገባ ሰው አይወዱም። ጡረታ የወጡ አስተማሪዎች አሉ፣ ሐዋሳ የሚኖር የኤሌክትሪክ ባለሙያ አለ፣ ሪያድ ሰው ቤት የምትሠራ የወሎ ልጅ አለች፣ በወጣትነታቸው ሳክስፎን ይነፉ የነበሩ አሁን ዋሽንግተን የሚኖሩ አንድ ትልቅ ሰው አሉ። እኚህን ሰው ሁሉም «ጋሼ» ነው የሚላቸው፤ እኔም እዚህ እንደዚያው ልጥራቸው።

የዘፈኑን 40 ሰከንድ ቆርጬ ለጠፍኩ። «ሰላም ቤተሰብ፤ ይሄን የምታውቁት አላችሁ?» በአሥር ደቂቃ ውስጥ ስሙ የሚመጣ መስሎኝ ነበር። የመጣልኝ ግን የጥያቄ መዓት ነው። ካሴቱ ምንድን ነው፣ ሶኒ ነው ማክሴል? ወረቀቱ አለ? ከላይ ያሉት ሁለቱ ትንንሽ ፕላስቲኮች ተሰብረዋል ወይስ አሉ? ከሱ በፊትና በኋላ ያሉት ዘፈኖች የማን ናቸው? አባትህ የት የት ከተማ ኖረዋል? በምን ቴፕ ነው ያጫወትከው?

«ኧረ እናንተ ሰዎች፣ ፖሊስ ጣቢያ ነው እንዴ የገባሁት?» ብዬ ልጽፍ ፈልጌ ተውኩት። ለካ እያንዳንዱ ጥያቄ ምክንያት ነበረው። ሁለቱ ፕላስቲኮች ከሌሉ በላዩ ላይ እንዳይቀዳበት ነው የተሰበሩት፤ ከሙዚቃ ቤት ታትሞ የወጣ ካሴት ብዙ ጊዜ እንደዚያ ነው። ካሉ ግን ሰው በባዶ ካሴት ያስቀዳው ነው ማለት ነው። የእኔዋ ላይ ሁለቱም አሉ። ሌላ የት እንደሚገኝ የማይታወቅ፣ ከአንድ ሰው እጅ ወደ ሌላ ሰው እጅ የተቀዳ ነገር ነው የያዝኩት።

ከዚያ አንድ አባል እንዲህ ሲል ጻፈ፦ «እገሌ ይመስለኛል፤ ገና ሳይታወቅ የዘፈነው»። እገሌ ያልኩት እኔ ነኝ። እሱ የጠራውን ስም ብጠራላችሁ ሁላችሁም የምታውቁት ትልቅ ዘፋኝ ነው። ጋሼ ወዲያው «ቆይ፣ አንቸኩል፤ የቴፑ ፍጥነት ልክ አልመሰለኝም» አሉ። የሐዋሳው ልጅም «ሙሉውን ፋይል ላክልኝና ልየው» አለ።

እኔ ግን ከዚያ ሁሉ መልእክት የሰማሁት ስሙን ብቻ ነው። በዚያው ማታ የአባቴን ካሴት በመስኮት ብርሃን ያነሣሁትን ፎቶ ከዘፈኑ ጋር አድርጌ ቲክቶክ ላይ ጫንኩት። «የእገሌ የጠፋ ዘፈን! ከአባቴ ካሴት የተገኘ»። በሦስት ቀን 60 ሺህ ሰው አየው። አካውንቴ በሕይወቱ እንዲህ ያለ ነገር አይቶ አያውቅም። ሰው አለቀሰ፣ «የድሮ ሙዚቃ በስንት ጣዕሙ» አለ፣ አንዱ እንዲያውም እገሌ ይሄን ዘፈን ሲዘፍን መድረኩ ሥር ቆሞ እንደነበር በዝርዝር ጻፈ። ያ ሰውዬ እስካሁን ይገርመኛል።

ሊንኩን አንድ ሰው ግሩፑ ላይ አመጣው። ጋሼ አልተቆጡም። በቮይስ፣ በዚያ ረጋ ባለ ድምፃቸው፣ «ልጄ፣ “ይመስለኛል” የምትለዋ ቃል የት ገባች?» አሉኝ። ሌላ ምንም አላሉም።

የሳቅ ኢሞጂ መለስኩ። ቪዲዮውን አላጠፋሁም። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ላይኩ እየጨመረ ነበር።

ያባርሩኛል ብዬ ነበር፤ አላባረሩኝም። እኔም ቀረሁ። የሚቀጥሉት ሁለት ወራት ከዚያ በፊት ሙዚቃ ሰምቼ የማላውቅ እስኪመስለኝ ድረስ ብዙ ነገር የሰማሁባቸው ነበሩ።

ከሐዋሳው ልጅ ልጀምር። ሙሉውን ፋይል ከላክሁለት በኋላ አንድ ምስል መለሰልኝ። ኦዳሲቲ የሚባለው ነጻ ፕሮግራም ድምፅን በሥዕል ያሳያል። ከሥር፣ ዘፈኑ ሲቆምም የማይጠፋ አንድ ቀጥ ያለ ቀጭን መስመር አለ። «ይሄ የመብራት ጉምጉምታ ነው» አለኝ። የሀገራችን መብራት በሰከንድ 50 ጊዜ ነው የሚመላለሰው። ከመብራት ጋር በተያያዘ መሣሪያ ስትቀዳ ያቺ ጉምጉምታ ብዙ ጊዜ ሳትፈለግ አብራ ትገባለች። ስለዚህ ካሴቱን ስታጫውተው መስመሩ 50 ላይ መሆን ነበረበት። የእኔ 53 ላይ ነው። ስድስት ከመቶ ፈጥኗል። ስድስት ከመቶ ደግሞ በፒያኖ ቢሰላ አንድ ሙሉ ቁልፍ፣ ከነጩ ወደ ጎኑ ጥቁር፣ ማለት ነው። የምናለሽ ተራው ሰውዬ «አስተካክዬዋለሁ» ያለው ሞተር!

ፍጥነቱን ወደ 50 ሲያወርደው ድምፁ ወፈረ። ቀጠን ያለው ወጣት ድምፅ የሌላ ሰው፣ የጎልማሳ ድምፅ ሆነ። እገሌን አይመስልም። ጨርሶ አይመስልም። አስቡት፣ ሰውየው እገሌን የመሰለው ቴፔ ስለቸኮለ ብቻ ነው።

(ቤታችሁ ካሴት ካለና መሞከር ከፈለጋችሁ፣ ፕሮግራሙ ላይ የምትቀይሩት ፍጥነትና የድምፅ ቁመት አብረው የሚቀየሩበትን ነው። ፍጥነቱን ብቻ የሚቀይረውን ከነካችሁ ዘፋኙ ሰካራም ይመስላል። በራሴ ደርሶ ነው።)

ያን ጊዜም ቪዲዮውን አላጠፋሁትም። «ግልባጩ ብዙ ቦታ ተለጥፏል፤ የኔን ባጠፋ ምን ይለውጣል» የሚል ምክንያት አገኘሁ። ሰው ማድረግ ያልፈለገውን ላለማድረግ ምክንያት ሲፈልግ ኔትወርክ አይቆራረጥበትም።

እሑድ ማታ ግሩፑ ውስጥ ጨዋታ አለ። አንድ ሰው ዘፈን ይለጥፋል፣ ሌላው ቅኝቱን ይናገራል። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ የሚሉትን ስሞች ከትምህርት ቤት ጀምሮ አውቃቸዋለሁ፤ የማውቀው ግን ስማቸውን ነበር። ጋሼ በሁለት ደቂቃ ቮይስ ያስረዱኝን ነገር ልንገራችሁ፤ ስልካችሁ ላይ የፒያኖ አፕ ካለ አሁኑኑ ሞክሩት። ነጮቹን ቁልፎች ብቻ ንኩ። ዶ ሬ ሚ ሶል ላ፦ ይሄ ሙሉ ትዝታ ነው። አሁን ደግሞ ላ ሲ ዶ ሚ ፋ፦ ይሄ ግማሽ ትዝታ። ልዩነቱ ለማንም ጆሮ ይሰማል፤ ሁለተኛው አንገት ያስደፋል። እሺ፣ አሁን እነዚህኑ የመጨረሻዎቹን አምስት ድምፆች ሳትቀይሩ ከሚ ጀምሩ፤ ሚ ፋ ላ ሲ ዶ። ዜማችሁን ሁልጊዜ ሚ ላይ አሳርፉት። አምባሰል ሆነ!

አምስቱ ድምፆች አንድ ናቸው። የተለወጠው የሚያርፉበት ቤት ነው። ጋሼ «አንተም አዲስ አበባ ስታድር ሌላ ሰው ነህ፣ አያትህ ቤት ስታድር ሌላ ሰው ነህ፤ ሰውነትህ ግን ያው ነው» አሉኝ። ይሄን ከሰማሁ በኋላ ለሦስት ቀን ታክሲ ውስጥ የምሰማውን ዘፈን ሁሉ «የት ነው የሚያርፈው?» እያልኩ ወራጅ ማለት እየረሳሁ አልፌያለሁ።

የሪያዷ ልጅ ግን ዶ ሬ ሚ አታውቅም። ማወቅም አልፈለገችም። ባቲን ከአምባሰል እኔ አፑን ከፍቼ ሳልጨርስ ትለያለች፤ «ይሄማ የእናቴ ነው» ብላ ነው የምትለየው። አሠሪዎቿ እስኪተኙ ጠብቃ፣ በሹክሹክታ ነው ቮይስ የምትልከው። በድሮ የወሎ ዘፈኖች ውስጥ ቃሉ ያልተሰማን እንደሆነ የምንጠብቀው የእሷን ሌሊት ነው። አንድ ጊዜ አራት ሰው ሳምንት ሙሉ የተከራከረበትን አንድ ስንኝ በስምንት ሰከንድ ሹክሹክታ ዘጋችው። ቃሉ የአንድ ሣር ስም ነበር። ከመካከላችን ያንን ሣር ያጨደ ሌላ ሰው አልነበረም።

ጋሼ ደግሞ የቤት ሥራ ይሰጡኝ ነበር። አንድ ዘፈን አምስት ጊዜ ስማ፤ በመጀመሪያው ዙር ቤዙን ብቻ ተከተል፣ በሁለተኛው ድራሙን፣ በሦስተኛው ኦርጋኑን፣ በአራተኛው ነፊዎቹን፤ ዘፋኙን በመጨረሻ። መጀመሪያ ላይ ስቃይ ነው። ጆሮ ለቃል የተሠራ ይመስል ወደ ዘፋኙ ይሮጣል። በሁለተኛው ሳምንት ግን እናቴ ስታንጎራጉር የምሰማው አንድ የታወቀ ዘፈን ውስጥ ቤዙ ለብቻው ሌላ ዜማ እየተጫወተ እንደሆነ ሰማሁ። ዕድሜ ልኬን የሰማሁት ዘፈን ነው። ሰውየው እዚያ ሆኖ በጣቱ ሲናገር ኖሯል፣ አንድም ቀን አላደመጥኩትም። ስሙን ፈለግሁ። ስልኬ ላይ ያለው አፕ የሚያሳየኝ የዘፋኙን ስም ብቻ ነው። ዩቲዩብ ላይ የዘፋኙ ስምና «ምርጥ የድሮ ሙዚቃ» የሚል አለ። በመጨረሻ አንድ የግሩፑ አባል የካሴቱን ወረቀት ፎቶ አንሥቶ ላከልኝ፤ ግጥም፣ ዜማ፣ ቅንብር፣ እያንዳንዱ መሣሪያ ከነተጫዋቹ። ያቺ በእጥፋቷ የተቀደደች ወረቀት የስልኬ 128 ጊጋ ያላወቀውን ታውቃለች።

ያቺ ወረቀት ሰው ልትመልስ ትችላለች። ኃይሉ መርጊያን አስቡት። የዋሊያስ ባንዱ ኪቦርድ ተጫዋች ዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ እየነዳ ነበር የሚኖረው፤ ኪቦርዱን ከመኪናው ኋላ ይዞ ተሳፋሪ እስኪመጣ ይለማመድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1985 የሠራትን፣ አኮርዲዮን ዋና የሆነባትን ካሴት ብራያን ሺምኮዊትዝ የሚባል አሜሪካዊ ካሴት ሰብሳቢ ባሕር ዳር ውስጥ አገኛት። ካሴቷ ላይ ስም አለ። ስሙን ይዞ ሰውየውን ፈለገው፣ አገኘው፣ አስፈቀደው፤ «ሸሞንሟናዬ» እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና ታተመች። ኃይሉም ወደ መድረክ ተመለሰ፣ እ.ኤ.አ. በ2018 «ላላ በሉ» የተባለውን አዲስ አልበሙን አወጣ። ያቺ ካሴት እንደ አባቴ ካሴቶች «የተለያዩ» የሚል ብቻ ቢኖርባትስ?

ግሩፑን ገነት አድርጌ እንዳላቀርብላችሁ። ጠብ አለ። «ከደርግ በኋላ ሙዚቃ የለም» የሚሉ ሰዎች አሉ፤ የዛሬ ልጅ የሠራውን አንድ ዘፈን የለጠፈ ሰው እንዴት እንደተሰደበ አይቻለሁ፣ እስካሁንም ያናድደኛል። ሸክላ የሚደብቁም አሉ። አምሃ እሸቴ ከ1969 እስከ 1975 (እ.ኤ.አ. ነው) ባሳተማቸው ከ100 በላይ ነጠላ ሸክላዎች መካከል ብርቅ የሆኑትን ይዘው፣ ሽፋኑን ብቻ እያሳዩ «አለኝ» ይላሉ። ሲለመኑ ይወዳሉ። ሸክላው ግን አይሰማም። ቢሰማማ ጥሩ ነበር፤ ለምን የዚያን ዘመን ዘፈን አብዛኛው አጭር እንደሆነ የገባኝ እዚያ ነው፤ በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞረው ትንሹ ሸክላ በአንድ ፊቱ የሚይዘው ጥቂት ደቂቃ ስለሆነ ነው። ካሴት ሲመጣ ዘፈኑም እግሩን ዘረጋ።

ስለ መብትም ሁሌ ክርክር አለ። የግሩፑ ደንብ ገበያ ላይ ያለ አልበም ሙሉውን አይለጠፍም ይላል። ሆኖም ገበያ ላይ የሌለስ? በሀገራችን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ፣ ቁጥር 410/1996፣ የደራሲው የኢኮኖሚ መብት በሕይወት እያለና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ይጠበቃል። ካሴቱ ከሱቅ ጠፋ ማለት ባለቤቱ ጠፋ ማለት አይደለም። በስሙ የመጠራት መብትም አለው። ይሄን አንድ አባል ሲያብራራ እኔ ዝም ብዬ አነብ ነበር፤ ቲክቶክ ላይ ያለው ቪዲዮዬ ያን ቀን 90 ሺህ አልፏል።

መልእክቱ የመጣው አንድ ሐሙስ ጠዋት ነው። ቲክቶክ ላይ፣ ከማላውቃት ሴት። «ወንድሜ፣ ይሄ የምትለው ዘፋኝ አይደለም። አባቴ ነው።»

ሰው እንዲህ እያለ ስለሚጽፍ መጀመሪያ አላመንኩም። ቀጥላ አንድ ፎቶ ላከች። ተመሳሳይ ሸሚዝ የለበሱ ልጆች፣ ከኋላቸው መፈክር የተጻፈበት ጨርቅ፣ ከፊት ማይክራፎን የያዘ ጎልማሳ። የኪነት ቡድን። በደርግ ጊዜ ከቀበሌ ጀምሮ የኪነት ቡድን እንደነበረ ታላላቆቻችሁን ብትጠይቁ ይነግሯችኋል። ከተማውን አልጽፈውም፣ ቤተሰቡ አልፈለገም። ለእናቴ ግን ስነግራት ዝም አለችና «አባትህ አስተማሪ ሆኖ መጀመሪያ የተመደበው እዚያ ነው» አለች። «እንዳይነካ» ያለበትን ምክንያት ከዚህ በላይ ማወቅ አልቻልኩም።

ሰውየው በሕይወት አሉ። ዘፈኑን የሰሙት ከልጅ ልጃቸው ስልክ ላይ ነው። ልጅቷ ቲክቶክ እያየች ሳለ ከሚቀጥለው ክፍል ጠሯት። «ምንድን ነው የከፈትሽው?» አሏት። «የእገሌ የድሮ ዘፈን ነው አባባ» አለቻቸው።

እዚህ ጋ ስንት ጊዜ እንደጻፍኩና እንደሰረዝኩ አልነግራችሁም። ዝም ብዬ የሆነውን ላስቀምጥ። ስልኩን ተቀብለው እስከ መጨረሻው ሰሙት፣ እንደገና አስከፈቱት፤ ልጃቸው ማታ ከሥራ ስትመጣ ያሏት የመጀመሪያ ነገር ስለ ስሙ አልነበረም። «እኔ ይሄን ያህል አልቸኮልኩም» ነው ያሏት።

ቪዲዮውን በዚያው ደቂቃ አጠፋሁት። ምን ዋጋ አለው? ግልባጮቹን ስቆጥር 23 አገኘሁ፤ አንዱ እንዲያውም ከእኔ ይልቅ ብዙ ተመልካች ነበረው። ለእያንዳንዳቸው ጻፍኩ። ስድስቱ አስተካከሉ፣ ሁለቱ «ቅናት ነው» አሉኝ፣ የቀሩት አልመለሱም። ግሩፑ ላይ የሆነውን ሁሉ ሳልቀንስ ነገርኩ። ስድብ ጠብቄ ነበር። ሰው ሁሉ ሊንኩን እየተካፈለ ኮሜንት ሊጽፍ ወጣ፤ የሪያዷ ልጅ እንኳ በሌሊት አምስት ቦታ ጽፋ አገኘሁ። ከዚያ ሁለት ተጨማሪ ሰዎች አስተካከሉ። 15ቱ ዛሬም አሉ። ዛሬም እገሌ ነው ይላሉ።

ደግሞ ግሩፑ ግሩፕ ነውና፣ «እሳቸው ናቸው» የሚለውንም ዝም ብሎ አልተቀበለም። ከአንድ ስህተት ወደ ሌላ ስህተት ልንዘል አንችልም አሉ። እኔ አፈርኩ፤ የበደልኩትን ሰው ማስረጃ አምጣ ልበለው? ጋሼ መላ አመጡ። ቲክቶክ ላይ የወጣው 40 ሰከንዱ ብቻ ነው፤ ሁለተኛውን አንቀጽ ከእኔና ከሐዋሳው ልጅ በቀር የሰማ የለም። «በትሕትና ጠይቃት፤ አባቷ የቀረውን ያስታውሱት እንደሆነ» አሉ። ልጅየዋ ተቆጣች፣ ቆጣ ማለቷም ትክክል ነው። አባቷ ግን ሳቁ አለችኝ። ከሁለት ቀን በኋላ ቮይስ መጣ። ሽማግሌ ድምፅ፣ ትንፋሽ የሚያጥረው። ሁለተኛውን አንቀጽ አንድም ቃል ሳይሳሳቱ፣ መጨረሻ ላይ ተቀባዮቹ የሚሉትን ጭምር በቀጭን ድምፅ እያስመሰሉ ዘፈኑት። ከዚያ ሳል። ከዚያ «በቃ?»።

ግሩፑ ውስጥ ለረጅም ሰዓት ማንም ምንም አልጻፈም።

በስልክ አናገርኳቸው። ይቅርታ ስጠይቃቸው «ተወው፣ ልጅ ነህ» ብለው አለፉት፤ ልጃቸው ግን አላለፈችውም፤ እስካሁን ስታናግረኝ ቃሏ አጭር ነው። እሳቸው ማውራት የፈለጉት ስለ ሌሎቹ ነበር። ዜማው የእኔ አይደለም፣ የቡድናችን አሠልጣኝ የነበረ የአንድ አስተማሪ ነው አሉ፤ ስሙን ነገሩኝ። ግጥሙን ተሰብስበን ነው ያወጣነው። ጊታር እገሌ፣ ድራም እገሌ፤ ከተቀባዮቹ ሁለቱን ከነአባታቸው ስም ጠሩልኝ። አንዷ ሞታለች አሉ። ኦርጋኑ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። መልኩን ያስታውሳሉ፣ ከየት መጥቶ እንደተቀላቀለ ያስታውሳሉ፣ ሻይ ሦስት ስኳር እንደሚጠጣ ያስታውሳሉ። ስሙ ግን ጠፋቸው። «ቆይ፣ ይመጣል» አሉኝ።

አዲሱን ፋይል ላክሁላቸው፤ በሐዋሳው ልጅ የተስተካከለውን፣ መስመሩ 50 ላይ የተቀመጠውን። ሰሙትና «አሁንም ይቸኩላል» አሉ። ለሐዋሳው ልጅ ነገርኩት። እሱ በቁጥሩ ይተማመናል፤ «50 ነው እኮ፣ ከዚህ በላይ ምን ልሁን?» አለ። ክርክሩ ሁለት ቀን ፈጀ። በሦስተኛው ቀን ራሱ ጻፈልኝ፤ ሳያስበው የቀረ ነገር ነበር። የአባቴ ካሴት ከሌላ ካሴት የተቀዳ ነው። ያቺ የመብራት ጉምጉምታ የገባችው በሚቀዳበት ቀን፣ በሁለተኛው ቴፕ ላይ ከሆነ የምትነግረን የሁለተኛውን ቴፕ ፍጥነት ነው። የመጀመሪያው ቴፕ ያን ቀን ቸኩሎ ከነበረ እሱን የሚያውቅ መስመር የለም። «ሽማግሌው ልክ ሊሆኑ ይችላሉ» አለ።

ስለዚህ ቅዳሜ ከሰዓት ሦስታችን ስልክ ላይ ሆንን። እሱ ከሐዋሳ አንድ ከመቶ ይቀንሳል፣ እኔ እልካለሁ፣ ልጃቸው ከፍታ ጆሯቸው ላይ ታደርግላቸዋለች። «አሁንስ አባባ?» «ትንሽ።» እንደገና። ሁለት ከመቶ ላይ ስንደርስ ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ በጣም በዝግታ፣ ከድምፃቸው ጋር እየዘፈኑ መሆኑን ሰማን። ሁለቱ ድምፆች፣ የያኔውና የአሁኑ፣ አንድ ቦታ ላይ አረፉ።

ሲጨርሱ «ኦርጋኑን ጨምሩልኝ እስቲ» አሉ። ያን ቀን አራት ጊዜ ኦርጋኑን ሰሙት። ስሙ አልመጣላቸውም። ፋይሉ ላይ የሁሉም ስም በየሥራው ተጽፏል፤ ከኦርጋን ቀጥሎ ያለው ግን እስከ ዛሬ «አልታወቀም» ይላል። ልጃቸው ባለፈው ሳምንት መልእክት ላከችልኝ፤ አጭር ነው። «በ“ተ” ነው የሚጀምረው ብሏል። ይመስለኛል ብሏል።»